ክሎፒዶግሬል

ክሎፒዶግሬል በሐኪም ትዕዛዝ የሚወሰድ፣ ፕሌትሌት የተባሉት የደም ሕዋሳት ተጣብቀው ደም እንዳያረጉ የሚከላከል መድኃኒት ነው። በአሜሪካ ለገበያ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። የአንጎል ደም ሥር በመዘጋቱ ስትሮክ ለደረሰበት ሰው ዳግመኛ እንዳይመታው ይታዘዛል፤ የተለመደው መጠን በቀን አንድ ጊዜ 75 ሚሊግራም ነው። ብዙ ሰው «ደም ማቅጠኛ» ይለዋል፤ ሆኖም የደሙን ውፍረት አይለውጥም።

== አሠራር ==

እንክብሉ እንደተዋጠ ሥራ አይጀምርም፤ መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ያለ ኢንዛይም ሊለውጠው ይገባል። አንዴ የተያዘ ፕሌትሌት ዕድሜው እስኪያልቅ፣ ማለትም ከ7 እስከ 10 ቀን፣ አይለቀቅም። ለቀዶ ጥገና ብዙ ጊዜ ከ5 ቀን በፊት እንዲቆም የሚደረገው ለዚህ ነው። ውሳኔው ግን የሐኪሙ ነው፤ ጥርስ ለማስነቀል ብሎ በራስ ማቆም ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። ለጨጓራ የሚገዛው ኦሜፕራዞል ያንኑ ኢንዛይም ስለሚያግድ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል። ፓንቶፕራዞል ይህ ችግር ያንሰዋል።

== ጅማና አካባቢዋ ==

አወቱ መንደራ ውስጥ የአንድ ሰው ፊት ድንገት ቢጣመም ወይም አንደበቱ ቢታሰር፣ ቤተሰብ ክሎፒዶግሬልም ሆነ አስፕሪን ሊሰጠው አይገባም። ስትሮክ በደም ሥር መዘጋት ብቻ ሳይሆን በመፈንዳትም ይመጣል፤ ሁለቱን በመልክ መለየት አይቻልም፣ ሲቲ ስካን ያስፈልጋል። አንጎሉ ውስጥ ደም ለሚፈሰው ሰው መድኃኒቱ አደጋ ነው። ስለዚህ ቶሎ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ይቀድማል፤ በጅማ ትልቁ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው።

ከአጋሮና ከሊሙ ለክትትል ጅማ ድረስ ለሚመጡ ታካሚዎች የቡና ለቀማ ወራት አስቸጋሪ ናቸው። መድኃኒቱ ሳያልቅ አስቀድሞ ማስሞላት ይሻላል። አንድ ቀን የረሳ ሰው በማግስቱ ሁለት አይውጥም። የደም ግፊት ካልተስተካከለ ደግሞ የክሎፒዶግሬል ጥቅም ውስን ነው፤ ጫት መቃም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግም ለሐኪሙ አለመደበቅ ጥሩ ነው።

== ጥንቃቄ ==

ከአስፕሪን ጋር አብሮ የሚታዘዝበት ጊዜ አለ፤ ከቀላል ስትሮክ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ለ21 ቀን ያህል ነው። ከዚያ አንዱ ይቀራል፣ ሁለቱን ማስረዘም መድማትን ያበዛልና። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም እንዲሁ መድማትን ይጨምራሉ። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ትውከት ደም ካለበት ወይም ከባድ ራስ ምታት ድንገት ከጀመረ ሳይዘገዩ መታከም ያስፈልጋል። በሩማቲክ የልብ በሽታ ምክንያት የልብ ምታቸው ለተዛባ ሰዎች ግን ክሎፒዶግሬል በቂ አይደለም፤ ለእነሱ የሚታዘዘው ዋርፋሪን ነው።