ድመታችን ፊደል ትምረጥልን

ሞላሌ ብርድ ነው። በመንዝ ደጋ ሲመሽ ውርጩ ይበረታል። ስለዚህ ከእራት በኋላ ሁላችንም ወደ ምድጃው እንጠጋለን። ሴቶች የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። ከፈትሉ ወንዶች ባና ይሠራሉ። ድመትም ከእሳቱ ዳር ትተኛለች።

እንዝርቱ ሲሾር ድመቷ ዓይኗን ትከፍታለች። ጆሮዋን ታቆማለች። ዘላም ክሩን ትይዛለች። ልጆች ይስቃሉ። ፈታይዋ ግን «ሂጂልኝ ወዲያ!» ትላታለች።

ድመት ለምን ትጫወታለች? ጨዋታዋ የአደን ልምምድ ነው። ማድባቱን፣ መዝለሉንና መያዙን በክር ትማራለች። በኋላ በአይጥ ላይ ትሠራበታለች።

አይጥ የገበሬ ጠላት ነው። በጎታ ያለውን ገብስ ይበላል። ከሚበላውም በላይ በሽንቱና በፋንድያው ያበላሻል። ሰውና ድመት የተወዳጁት በዚህ የተነሳ ነው። በቆጵሮስ ደሴት ከሰው መቃብር አጠገብ የተቀበረች ድመት ተገኝታለች። የተቀበረችው ከ9,500 ዓመት በፊት መሆኑን በ1996 ዓ.ም. ሊቃውንት አስታውቀዋል። ስለዚህ ወዳጅነታችን የቆየ ነው።

«የጠገበች ድመት አይጥ አትይዝም» የሚሉ አሉ። እውነት አይደለም። ድመት የምታድነው ስለራባት ብቻ አይደለም። የጠገበችም ብትሆን የሚንቀሳቀስ ነገር ስታይ ትዘላለች። እንዲያውም ጥቂት ምግብ የምናቀምሳት ድመት ከቤት አትርቅም።

ታዲያ ጎረቤት ለቡና ሲሰበሰብ ለምን ከድመታችን ጋር አንጫወትም? ፊደልም እናጠናበታለን። ጨዋታው እንዲህ ነው።

1. 10 ቁራጭ ወረቀት እናዘጋጅ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል በትልቁ እንጻፍ።

2. ክብ ሠርተን እንቀመጥ። ወረቀቶቹን በመካከል እንበትን።

3. ከበግ ጠጉር የእንቁላል ያህል ኳስ እንሥራ። ጠበቅ አድርገን እንጠቅልለው። የተንጠለጠለ ክር አይኑረው።

4. ኳሱን በወረቀቶቹ መካከል እናንከባለው። ድመቷ ትከተለዋለች።

5. መጀመሪያ የረገጠችውን ፊደል ባለተራው ያንብብ። በዚያ ፊደል የሚጀምር ቃል ይናገር። «ገ» ቢሆን ገብስ፣ «በ» ቢሆን በሶ፣ «መ» ቢሆን መንዝ ይላል።

6. ቃል ያጣ ሰው እንደ ድመት «ሚያው» ይበል! ሽማግሌም ቢሆን አይቀርለትም።

ድመቷ አልጫወትም ብላ ብትተኛስ? እንተዋታ! ድመት በግድ አትጫወትም። ተራውን ለሕፃን ሰጥተን ኳሱን እሱ ይወርውር።

ስንጫወት ግን እንጠንቀቅ። ክር ለብቻው አንስጣት። ከዋጠችው አንጀቷን ይቋጥረዋል፤ ሊገድላትም ይችላል። ጭራዋን አንጎትት። በእጃችን አናጫውታት፤ እጅ መንከስ ትለምዳለች። ጨዋታው ሲያልቅ እጃችንን እንታጠብ። ለአይጥ መርዝ በተነሰነሰበት ቤትም ድመት አትኑር። የተመረዘ አይጥ ብትበላ እሷም ልትሞት ትችላለች።

አንድ ትልቅ ነገር እንጨምር። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛል። ድመት ከነከሰችን ወይም ከቧጨረችን ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል እንጠበው። ከዚያ ሳንውል ሳናድር ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ ግን በጊዜው ከተወሰደ ያድናል። ውሾችን ማስከተብም ለሁላችን ይጠቅማል። በጓሳ ሜዳ የሚኖረውን ቀይ ቀበሮ እንኳ ይህ በሽታ ይፈጀዋል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። እሱም እንደ ድመታችን አይጥ አዳኝ ነው።

እንግዲህ ባናው ተበልቶ ስናገኝ ዱላ ይዘን ወደ ድመቷ አንሩጥ። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» እንዳይሆንብን። በደግነት የያዝናት ድመት ጎታችንን ትጠብቃለች። ማታም ታስቀናለች፤ ፊደልም ትመርጥልናለች።

ጥያቄ፦
ሀ. ድመት ክር ብትውጥ ምን ትሆናለች?
ለ. ድመት የነከሰችው ሰው መጀመሪያ ምን ያድርግ?
ሐ. በ«ድ» የሚጀምሩ 3 ቃላት ጻፉ። «ድመት» አይቆጠርም!