ታቅፈው ያልተፈለፈሉ እንቁላሎች

አንዲት ዶሮ 12 እንቁላል ለ21 ቀን ታቅፋ ስድስቱ ብቻ ቢፈለፈሉ፣ የባለቤቷ ኪሣራ ስድስት ጫጩት ብቻ አይደለም። ዶሮዋ በዕቅፍ ላይ ሳለች አትጥልም፤ የተበላሹትም እንቁላሎች ለገበያ ወይም ለልጆች ምግብ ይውሉ ነበር። ብዙ ጊዜም ጥፋቱ «እጇ አይቀናም» ተብሎ ባሳቀፈችው ሴት ላይ ይላከካል። ምክንያቱን ግን እንቁላሉ ራሱ ያሳያል። ስለዚህ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት በሚከተለው መንገድ እንዲመረምሩት እናሳስባለን።

በብርሃን መመርመር

በ7ኛው ቀን ሲመሽ፣ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በጨለማ ክፍል በእጅ ባትሪ ላይ ይዞ ማየት ነው።

1. እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ የደም ሥሮች ከታዩ ጽንሱ ሕያው ስለሆነ ወዲያው ወደ ጎጆው ይመለስ።
2. ጥርት ብሎ ካበራ ዘር አልያዘም፣ ወይም ጽንሱ ገና በጅምሩ ሞቷል።
3. የደም ቀለበት ብቻ ከታየ ጽንሱ ጥቂት ቀን አድጎ ሞቷል።

በ2 እና በ3 የተገለጹት ይወገዱ። ምርመራው በ14ኛው ቀን ይደገም። ከ18ኛው ቀን በኋላ መነካካት አይገባም።

ምክንያትና መፍትሔ

ጥርት ያሉት ከበዙ አውራው ይታይ፤ ለ10 ሴት ዶሮዎች አንድ ጤነኛ አውራ ያስፈልጋል። ለማሳቀፊያ የሚመረጠውም እንቁላል ንጹሕ፣ ያልተሰነጠቀና በቀዝቃዛ ቦታ ከ7 ቀን በላይ ያልቆየ ይሁን።

አድገው የሞቱት ከበዙ፣ ዶሮዋ በረሃብ፣ በጥማት ወይም በቅንቅን ምክንያት ጎጆዋን እየተወች እንቁላሉ ቀዝቅዞ እንደሆነ ይመርመር። እህልና ውኃ ከአጠገቧ ይቀመጥላት፤ ጎጆውም ንጹሕና ደረቅ ጭድ ይነጠፍበት።

ለአንድ የአገር ዶሮ ከ10 እስከ 12 እንቁላል ይበቃል፤ ከዚህ ከበለጠ ዳር ያሉት ይቀዘቅዛሉ። ሁሉም በአንድ ቀን ይታቀፉ፤ በከሰልም ምልክት ይደረግባቸው። ሌሎች ዶሮዎች ኋላ የሚጨምሩት እንቁላል ጊዜው ሳይደርስ እናቲቱ ጫጩቶቿን ይዛ ስለምትነሣ፣ ምልክት የሌለው በየቀኑ ይለቀም።

የቀረውን ማስወገድ

21ኛው ቀን ስላለፈ ብቻ እንቁላል አይጣል፤ እስከ 23ኛው ቀን ይጠበቅ። ከዚያ የቀረው የገማ ሊሆንና ሊፈነዳ ስለሚችል፣ በጥንቃቄ ተወስዶ ከቤት ርቆ ይቀበር። ታቅፎ የነበረ እንቁላል ጥርት ያለ ቢመስልም ለምግብ አይዋል፤ ማኅበሩም ለሽያጭ እንዳይቀበል።

በመጨረሻም ስንት እንደታቀፉ፣ ስንት እንደተፈለፈሉና የቀሩት በምን ሁኔታ እንደተገኙ ይመዝገብ። የሚቀጥለው ዕቅፍ ከዚህ መዝገብ ይታረማል።