የጌድ መልክ፣ የጌድ ስም

መጽሐፉን የገዛሁት መንገድ ዳር አሮጌ መጻሕፍት ከሚዘረጉ ልጆች ነው። ሽፋኑ ተገንጥሎ ጠፍቷል፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ጠርዝ ሻይ ፈስሶበት ወይቧል። «ኤ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ» የሚለውን ርዕስ ያገኘሁት ከውስጥ ገጹ ላይ ነው። ያኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ታሪኩ የሚጀምረው እናቱ በሕፃንነቱ በሞተችበት ልጅ ነው። አባቱ ነሐስ ቀጥቃጭ፣ እሱ ፍየል ጠባቂ። አንድ ቀን ከአክስቱ አፍ የሰማውን ቃል ትርጉሙን ሳያውቅ ይደግመዋል። ፍየሎቹ ከያሉበት መጥተው ዙሪያውን ያጥሩታል፤ ሲሮጥ አብረውት ይሮጣሉ፤ መላወሻ አጥቶ እያለቀሰ መንደር ይገባል።

ያንን ልጅ በሐሳቤ የሳልኩት ነጭ አድርጌ ነው። ማንም ነጭ ነው አላለኝም፤ የሚያሳስት ሽፋን እንኳ አልነበረውም። እስከዚያ ቀን በእንግሊዝኛ ያነበብኳቸው የአስማትና የዘንዶ ታሪኮች ጀግኖች ነጮች ስለነበሩ ሐሳቤ በለመደው መንገድ ሄደ። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ልጁ፣ ጌድ፣ በሮክ ደሴት ወዳለው የጠቢባን ትምህርት ቤት ይገባና ቬች ከሚባል ልጅ ጋር ይተዋወቃል። ደራሲዋ የቬችን ጥቁረት ለመግለጽ ከጌድና ከሌሎቹ የኧርዝሲ ደሴቶች ሰዎች ጋር ታስተያየዋለች። እግረ መንገዷንም፣ እንደ ዋዛ፣ ጌድ ቀይ ዳማ መሆኑን ትነግረናለች። ለዚህ መልክ እንግሊዝኛው ሁለት የቀለም ስም ማጣመር ነበረበት፤ እኛ ዘመድና ጎረቤታችንን ስንገልጽ ዘወትር የምንለው ነው። ደንግጬ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለስኩ። ነጮቹ የት እንዳሉም ያኔ ነው ያስተዋልኩት፦ በመጀመሪያው ምዕራፍ በመርከብ መጥተው መንደር የሚያቃጥሉት ወራሪዎች ናቸው።

ደራሲዋ ኧርሱላ ለጉዊን ይህን ያደረገችው አስባበት ነው። መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ከብዙ ዓመት በኋላ በ2004 «ስሌት» በተባለው መጽሔት ላይ ዘዴዋን ገልጻ ጻፈች። ነጭ ልጆች ገና ከመጀመሪያው ገጽ ነጭ ያልሆነ ጀግና ቢያገኙ ከራሳቸው ጋር ላያዛምዱት ይችላሉ ብላ ሰግታ ነበር። ስለዚህ መልኩን በጥቂት በጥቂቱ አስገባችው፤ አንባቢው በጌድ ቆዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ያ ቆዳ ነጭ አለመሆኑን እንዲያውቅ። ወጥመዱ የተዘረጋው ለአሜሪካ ነጭ ልጆች ነበር፤ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ የማነበውን እኔንም ያዘኝ።

በ2025 ይኸው ልብ ወለድ በእንግሊዛዊው ሠዓሊ በፍሬድ ፎርድሃም እጅ ግራፊክ ኖቭል ሆኖ ወጣ። አንባቢዎች ስለ እሱ የሚሉትን ስሰማ ሁልጊዜ ወደዚያ ሦስተኛ ምዕራፍ የምመለሰው በዚያ ወጥመድ ምክንያት ነው። ዝርው ጽሑፍ መልክን ማዘግየት ይችላል። ሥዕል አይችልም። ልጁ በመጀመሪያው ሥዕል ላይ ብቅ ሲል ፊቱም አብሮ ይወጣል፤ ለጉዊን ሁለት ምዕራፍ ሙሉ የጠበቀችው ምስጢር በአንድ ጨረፍታ ያልቃል። በኧርዝሲ አንባቢዎችና በሠዓሊዎቹ፣ በአሳታሚዎቹና በፊልም ሠሪዎቹ መካከል ለ57 ዓመታት የቆየው ክርክር ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው እትም ሽፋን በሩት ሮቢንስ የተሠራ ነበር፤ ጌድ በእሱ ላይ የነሐስ ቀለም አለው፤ ለጉዊንም ወዳዋለች። ቀጥሎ የመጣው ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያው የብሪታንያ እትም ሽፋን ላይ ጌድ የገረጣና የጠወለገ ልጅ ሆኖ ሲመጣ ደራሲዋ እንደ ጮኸች ራሷ ጽፋለች። ከአሳታሚዎቹ የሽፋን ክፍሎች ጋር በተደጋጋሚ መከራከሯን፣ ብዙውን ጊዜም መሸነፏን ተናግራለች። በሌላ በኩል ግን ነጭ ያልሆኑ አንባቢዎች ይጽፉላት ነበር። ብዙ አልነበሩም። በወጣትነታቸው ከዚህ ዓይነት መጻሕፍት መካከል እኛንም ያካተተን ይህ ብቻ ነው ብለው የነገሯት ግን ከልቧ አልወጡም።

ቁስሉን የቀሰቀሰው በታኅሣሥ 2004 በአሜሪካው ሳይፋይ ቻናል በሁለት ክፍል የታየው ድራማ ነው። ጌድን የተጫወተው ነጩ ካናዳዊ ሾን አሽሞር ነበር። ከዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት መካከል ጥቁር ተዋናይ የተሰጠው የጌድ የመጀመሪያ መምህር ኦጊዮን ሲሆን፣ ዳኒ ግሎቨር ተጫወተው። የለጉዊን የ«ስሌት» ጽሑፍ የወጣው በዚያው ሰሞን ነው። ሰው ሁሉ ስለ ቀለሙ ሲያወራ ብዙ ያልተነገረለት ሌላ ስሕተትም ነበር፤ እኔ እንዲያውም የባሰው እሱ ነው እላለሁ። ድራማው ስሞቹን ገልብጧቸዋል። በመጽሐፉ ልጁን ሰው ሁሉ የሚጠራው በወፍ ስም፣ በእኛ «ጭልፊት» ልንለው በምንችለው ነው። እውነተኛ ስሙ ጌድ ሲሆን የሚታወቀው ለታመኑ ጥቂቶች ብቻ ነው። በድራማው «ጌድ» በየሜዳው ሲጠራ ዋለ፤ የወፉ ስም ምስጢር ሆነ።

አማርኛ ተናጋሪ የዚህን ክብደት ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። በግዕዝ «ስም» ሲበዛ «አስማት» ነው። ምትሃትን የምንጠራበት ቃል፣ ቃል በቃል ሲፈታ፣ «ስሞች» ማለት ነው። የልጇን የክርስትና ስም ለባዕድ የማትናገር እናት ዛሬም አለች፤ ስሙን የያዘ ልጁን ያዘ ብላ ስለምትፈራ። ክታብ ሲጻፍም የባለቤቱ የክርስትና ስም መሐሉ ይገባል። ለጉዊን ይህን የእኛን ልማድ ታውቅ ነበር አልልም፤ በስም ኃይል ማመን በብዙ ሕዝብ ዘንድ ያለ ነገር ነው። ግን የኧርዝሲ ጥበብ ሁሉ የቆመበት ሕግ፣ የነገሩን እውነተኛ ስም ያወቀ ነገሩን ያዛል የሚለው ሕግ፣ በእኛ ቋንቋ በአንዲት ቃል ውስጥ ተቀምጧል።

የጃፓኑ ስቱዲዮ ጂብሊ በ2006 በጎሮ ሚያዛኪ አዘጋጅነት ያወጣው አኒሜሽን በጉዳዩ ላይ ብዙም አልጨመረም። ከተከታታዮቹ የኧርዝሲ መጻሕፍት ቆራርሶ የራሱን ታሪክ ሠራ፤ ለጉዊንም የኔ መጽሐፍ ሳይሆን ያንተ ፊልም ነው ብላ በጨዋ ደንብ ተለየችው። በ2018 ስድስቱ የኧርዝሲ መጻሕፍት በቻርልስ ቬስ ሥዕሎች በአንድ ጥራዝ ሲወጡ ነገሩ መስመር መያዝ ጀመረ። ቬስ ከደራሲዋ ጋር ለዓመታት እየተጻጻፈ፣ ንድፉን እያሳየ እርማቷን እየተቀበለ የሠራው ነው። እሷ ግን በዚያው ዓመት ጥር ወር በ88 ዓመቷ አረፈች፤ ጥራዙ ታትሞ አላየችውም።

ፎርድሃም የተረከበው ይህን ሁሉ ነው። ስለ ሥራው ከሚሰማው አስተያየት አብዛኛው ስለ መልኩ ምስጋና ነው፤ ጌድ በመጨረሻ ራሱን መሰለ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያልተከፈለ ዕዳ ነው። ባሕሩን የሚያደንቁም ብዙ ናቸው፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ውኃና ጭጋግ ብቻ በሞሉበት፣ ቃል በሌለበት ገጽ ላይ ትንሿ ጀልባ ስትታይ፣ በዝርው አንብቤ ያለፍኩት ብቸኝነት ቆም ብሎ ይጠብቀኛል። ጨለማው በዝቷል፣ የሌሊቱ ሥዕሎች ዓይን ያደክማሉ የሚሉ አሉ፤ እውነትም አላቸው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ልብ ወለዱን ያላነበበ ሰው ይጠፋበታል የሚለው ቅሬታ ነው።

ይህን ቅሬታ በአንድ ትዕይንት ልመዝነው። ጌድ በትዕቢት ተነሣስቶ ከሙታን ዓለም ጥላ ይለቅቃል። የትምህርት ቤቱ ታላቅ ጠቢብ እሱን ሲያድን ይሞታል፤ ጌድ ፊቱ ተቦጭቆ ለወራት ይተኛል። ሲነሣ እንደ ድሮው አይደለም፤ ያፍራል፣ ከሰው ይርቃል። ቬች ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ሊሄድ ሲል ሊሰናበተው ይመጣና፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ እውነተኛ ስሙን ይነግረዋል። ለዚያ ለተዋረደ፣ ክፉ ለሚከተለው ልጅ ሕይወቱን በእጁ አስቀመጠለት ማለት ነው። በመጽሐፉ እዚህ ስንደርስ ስም ምን እንደሆነ መቶ ጊዜ ተነግሮናል፤ በመጸው ቀዝቃዛ ወንዝ ተሻግሮ ስሙን ከኦጊዮን ሲቀበል አይተናል። ስለዚህ አንዲት ቃል ስትወጣ እንባ ይመጣል። በሥዕል መጽሐፍ ግን ስም ከሌሎቹ ቃላት ጋር በአንድ ዓይነት የንግግር ክበብ ውስጥ የሚገባ ቃል ነው። ሠዓሊው ፊቶቹን፣ ዝምታውን፣ የተዘረጋውን እጅ ሊሰጠን ይችላል። የስሙን ክብደት ግን ይዘን መምጣት ያለብን እኛ ነን።

በአንጻሩ ጠባሳውን ውሰዱ። በዝርው ሲነገረን አዝነን ከሦስት ገጽ በኋላ እንረሳዋለን። በሥዕል ጌድ በታየ ቁጥር ጠባሳው አብሮት አለ፤ ጥፋቱን ሊደብቅ የማይችል ሰው ፊት ለፊታችን ተቀምጧል። እዚህ ላይ ሥዕሉ ከጽሑፉ ይበልጣል ብል አላጋነንኩም።

እኛ አገር የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ታሪክ በ44 ትናንሽ ሥዕሎች በተርታ የሚያሳየው ጨርቅ አለ። እያንዳንዱ ሥዕል ሥር ያለው ጽሑፍ አጭር ነው፤ ማንም ግን አልገባኝም ሲል ሰምቼ አላውቅም። ሠዓሊው የሚሥለው ታሪኩን በጆሮው ሰምቶ ላደገ ሰው ነው። የፎርድሃምም መጽሐፍ እንደዚያ ነው የሚመስለኝ፤ ለሚያውቅ የተሣለ። ስለዚህ ልጁን ወይም ራሱን በዚህ ታሪክ ሊያስጀምር የሚፈልግ ሁሉ ከዝርው ልብ ወለዱ ይጀምር። አሥር ምዕራፍ ብቻ ነው። በራሱ ሐሳብ የሣለው ልጅ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ይለወጥበት፤ እንደኔም ይደንግጥ። ከዚያ በኋላ ወደ ሥዕሉ ይሂድ።

ይህን መጽሐፍ ወደ አማርኛ ልመልሰው ብሎ የሚነሣ ተርጓሚ ካለም ሁለት ነገር እለምነዋለሁ። ሰው ሁሉ የሚጠራበትን ስም «ጭልፊት» በለው፤ «ጌድ»ን ግን አትንካው፣ እንዳለ ይቀመጥ። «ቀይ ዳማ» የሚለውንም፣ የቱንም ያህል ለመናገር ብትቸኩል፣ ከሦስተኛው ምዕራፍ በፊት አትጻፈው።