የመንዝና የኢፋት ጥንታውያን መቃብሮች፤ የቀብር ሥርዓት ለታሪክ ትምህርት ያለው ጠቀሜታ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ሰንበቴ በእሑድ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። በገበያው ዕለት ከምዕራቡ ደጋ የአማራው ገበሬ እህሉን ጭኖ ይወርዳል፤ ከቆላው ኦሮሞውና አርጎባው፣ ከምሥራቁ በረሃም አፋሩ ከብቱንና ግመሉን እየነዳ ይመጣል። እንዲህ ያለው የደጋና የቆላ ግንኙነት በዚህ አገር ምን ያህል ጥንታዊ እንደ ሆነ ከጽሑፍ ምንጮች ብቻ መረዳት አይቻልም። ከዜና መዋዕል ይልቅ ብዙ የሚናገሩት በአካባቢው ደጋና ቆላ የሚገኙት መቃብሮች ናቸው።

ከሰንበቴ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ከገደሉ በላይ በተንጣለለው የመንዝ ደጋ፣ ከድንጋይና ከአፈር የተከመሩ በርካታ ጉብታዎች ይታያሉ። ብዙውን ጊዜ መንገደኛው እንደ ተራ የድንጋይ ክምር ቆጥሯቸው ያልፋል። ፎቬልና ፖይሶኒዬ የተባሉ ፈረንሳውያን የአርኬዎሎጂ ተመራማሪዎች ከጓደኞቻቸው ጋር ከእነዚህ ጥቂቶቹን ቆፍረው ባጠኑ ጊዜ የመቃብር ሐውልቶች መሆናቸው ተረጋግጧል። የጥናቱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2012 በመጽሐፍ የወጣ ሲሆን፣ ጉብታዎቹን የሠራው ሕዝብ ባህል «የሻይ ባህል» ተብሎ ተሰይሟል። ስያሜው የወንዝ ስም እንጂ ከሚጠጣው ሻይ ጋር ግንኙነት የለውም። የባህሉ ዘመን ከ10ኛው እስከ 14ኛው ምዕተ ዓመት እ.ኤ.አ. እንደ ሆነ ታውቋል።

ከእነዚህ መቃብሮች መካከል ጠጠር ጉር የተባለው ልዩ ትኩረት ይገባዋል። በጉብታው ውስጥ በድንጋይ የታነጸ ክፍል አለ፤ ወደ ክፍሉም መተላለፊያ ይወስዳል። መተላለፊያ የተሠራለት መቃብር አንድ ጊዜ ተዘግቶ የሚቀር ሳይሆን፣ ሌላ ሰው በሞተ ቁጥር እንደገና የሚከፈት ነው። በእርግጥም በሻይ ባህል መቃብሮች የተገኘው የአንድ ሰው አጽም ብቻ ሳይሆን የብዙ ሰዎች ነው። ከሙታኑም ጋር ሸክላዎች፣ ጌጣጌጦችና እጅግ ብዙ የብርጭቆ ዶቃዎች ተቀብረዋል። ለሟች ዕቃ ማኖር የክርስትናም የእስልምናም ልማድ ስላልሆነ፣ እነዚህ ሰዎች በክርስቲያኑ መንግሥትና በሙስሊም ሱልጣኔቶች መካከል የራሳቸውን ጥንታዊ እምነት ይዘው የኖሩ መሆናቸው ይገመታል።

ነገሩን ይበልጥ አስደናቂ የሚያደርጉት ዶቃዎቹ ናቸው። በመንዝ የተሠሩ አይደሉም፤ ከባሕር ማዶ በንግድ የመጡ ናቸው። ከባሕር ጠረፍ ወደ ደጋው የሚያመራው የንግድ መንገድ ደግሞ በቆላው፣ በሙስሊም ነጋዴዎች እጅ ነበር። እንግዲህ በእምነት ከሁለቱም ጎረቤቶቹ የተለየው ደገኛ ከገበያ የተለየ አልነበረም ማለት ነው።

ከገደሉ በታች ያለው የኢፋት ምድር ሌላ ዓይነት መቃብር ያሳያል። የወላስማ ሥርወ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት አሸንፎ በዚህ ምድር ሥልጣኑን አጠናከረ። አስበሪ፣ መሳልና ኖራ በተባሉት ሥፍራዎች የመስጊዶችና የከተሞች ፍርስራሽ ይገኛል። በበሪ ኢፋት ደግሞ የወላስማ ነገሥታት የመቃብር ሥፍራ በዐረብኛ ከተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮች ጋር ተገኝቷል። እዚህ ከንጉሥ ጋር እንኳ ዶቃም ሸክላም አይቀበርም፤ የሟቹን ማንነት የሚናገረው ጽሑፉ ነው።

ጽሑፍ በሌለበት መቃብርስ እምነቱ በምን ይታወቃል? አቅጣጫው ብቻ ያሳስታል። መካ ከሰንበቴና ከኢፋት አካባቢ በቀጥታ ለማለት በሚቻል ሁኔታ በስተሰሜን ትገኛለች። ስለዚህ ሙስሊም ሟች ፊቱ ወደ ቂብላ እንዲሆን በቀኝ ጎኑ ሲጋደም ራሱ በምሥራቅ፣ እግሩ በምዕራብ ይውላል። ክርስቲያን ሟች ደግሞ በጀርባው ተንጋሎ ፊቱ ወደ ምሥራቅ እንዲሆን ራሱ በምዕራብ ይደረጋል። ሁለቱም ጉድጓዶች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጉ ስለ ሆነ ከላይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ የሚለያቸው የአጽሙ አኳኋን ነው። አጽሙ አንዴ ከተናወጠ ይህ ማስረጃ ዳግመኛ አይገኝም።

የሻይ ባህል ቀብር በ14ኛው ምዕተ ዓመት ይቋረጣል፤ ዘመኑ ክርስትና በደጋው የተስፋፋበት ነው። ይሁን እንጂ የቀብር ልማድ ጠፋ ማለት ሕዝቡ አለቀ ማለት አይደለም። ልጆች ከአባቶቻቸው በተለየ ሥርዓት ሊቀበሩ ይችላሉ። በክፍል ውስጥ ይህን ሳያስተውሉ «የጠፋ ሕዝብ» እያሉ ማስተማር ስሕተት ነው። ሌላም ተመሳሳይ ስሕተት አለ። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በሶዶ የሚገኙት የጢያ ትክል ድንጋዮች በሕዝቡ ዘንድ «የግራኝ ድንጋይ» ይባላሉ። በሥራቸው ያሉት መቃብሮች ግን ከ12ኛው እስከ 14ኛው ምዕተ ዓመት የተሠሩ ናቸው። ኢማም አሕመድ የዘመተው በ16ኛው ምዕተ ዓመት ነው። ተማሪዎች አፈ ታሪኩን ከሽማግሌዎች ቢሰበስቡ መልካም ነው፤ ዘመኑን ግን ከአፈ ታሪኩ መውሰድ አይገባም።

የጉብታዎቹ ድንጋይ ለካብ፣ ለቤትና ለእርከን ሥራ እጅግ የተመቸ ነው። ጉዳቱ የሚደርሰው ከክፋት ሳይሆን ባለማወቅ ነው፤ ሆኖም ጥፋቱ ያው ነው። ከመቃብር ወጥቶ በአንገት ላይ የታሰረ ዶቃ ከየትኛው ጉብታ፣ ከየትኛው አጽም አጠገብ እንደ ተገኘ ካልታወቀ ስለ ዘመኑም ስለ ባለቤቱም የሚናገረው ነገር የለም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቁፋሮ ማካሄድ የተከለከለ ሲሆን፣ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም የማሳወቅ ግዴታ አለበት። የመንገድ፣ የድንጋይ ካባና የእርከን ዕቅድ የሚያወጡ ባለሙያዎች ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጉብታዎቹን በካርታቸው ላይ ቢያመለክቱ ወጪው ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

መምህሩም ያለ ዶማ ብዙ መሥራት ይችላል። ተማሪዎች የጉብታውን ዙሪያ በገመድ ይለኩ፤ አቅጣጫውን በኮምፓስ ይመዝግቡ፤ ከአጠገቡ ያለውን ጉብታ ርቀት በእርምጃ ይቁጠሩ፤ ሥዕሉንም ይንደፉ። ዘመድ አዝማድ በሚጎበኘው የመቃብር ሥፍራ ግን ከባለቤቶቹ ፈቃድ ሳይጠየቅ መግባት ተገቢ አይደለም። አንድ ገበሬ በእርሻው ላይ ሸክላ አግኝቶ ወደ ትምህርት ቤት ቢያመጣ፣ ከማጠብና ከመደርደር በፊት የተገኘበት ማሳ፣ ጥልቀቱና አብሮት የነበረው ነገር በዚያው ዕለት ተጽፎ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሊተላለፍ ይገባል።