ያለ ብየዳ የሚደፈን ቀዳዳ፦ የመኪና ጣሪያን የመጠገን ሳይንስ

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ በታክሲ ሥራ የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። አንድ መኪና ከታክሲነት ወጥቶ የቤተሰብ መገልገያ ሲሆን ጣሪያው ላይ የነበረው መብራት ይነሣል፤ የብሎኖቹና የሽቦው ቀዳዳዎች ግን እዚያው ይቀራሉ። የዕቃ መጫኛ፣ መሰላል ወይም አንቴና የተነቀለበት መኪናም ዕጣው ተመሳሳይ ነው። ባለቤቱ ቀዳዳውን በፕላስተር ሸፍኖ ይረሳዋል፤ ከወራት በኋላ ግን ዝናብ በዘነበ ቁጥር የመቀመጫው ጨርቅ ይርሳል። ጋራዥ ሲሄድ «ላሜራው ተቆርጦ መበየድ አለበት» ይባላል። የሚጠየቀው ገንዘብም አንዳንድ ጊዜ ከአሮጌው መኪና ዋጋ ጋር የሚፎካከር ይሆናል።

ለመሆኑ ብየዳ የግድ ነውን? ለብዙዎቹ ጥቃቅን ቀዳዳዎች መልሱ አይደለም የሚል ነው። ለአንዳንዶቹ ግን ብየዳ የሕይወት ጉዳይ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የጥገናው መጀመሪያ ነው።

ትንሹ ቀዳዳ ለምን ትንሽ አይደለም?

ብረት የሚዝገው ውሃና ኦክሲጅን በአንድነት ሲያገኙት ነው። በብረቱ ገጽ ላይ አንዱ ነጥብ ኤሌክትሮን ይለቃል፤ በሌላው ነጥብ ኦክሲጅንና ውሃ ይቀበሉታል፤ በመካከላቸው ያለው እርጥበት የኤሌክትሪክ ዑደቱን ያሟላል። ውሃው ውስጥ ጨው ሲገባበት ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ስለሚያድግ ዝገቱ ይፈጥናል። በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው በሚበተንባቸው የሰሜን አሜሪካና የአውሮፓ ከተሞች፣ እንዲሁም ከባሕር ጨዋማ አየር በሚነፍስባቸው የባሕረ ሰላጤው ከተሞች መኪና ቶሎ የሚዝገው ስለዚህ ነው።

ዝገቱ ከተበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። በመሆኑም ከቀዳዳው ጠርዝ ተነሥቶ ቀለሙን ከሥሩ እያነሣ ይስፋፋል፤ አዲስ የተገለጠው ብረትም በተራው ይዝጋል። «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የተባለው ለዝገትም ይሠራል።

የገባው ውሃ ደግሞ ቀጥታ አይወርድም። በላሜራው ሥር እየተንሸራተተ ሄዶ ከቀዳዳው ርቆ ሊንጠባጠብ ይችላል። ስለዚህ ጨርቁ ላይ ከሚታየው እድፍ በላይ ቀዳዳ ቢታጣ ሊገርም አይገባም። ውሃው በጣሪያው የውስጥ ልባስ ስፖንጅ ውስጥ ሲቆይ ሻጋታ ያበቅላል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች መጋጠሚያም ያበላሻል።

ብየዳ ምን ችግር አለው?

የመኪና ጣሪያ ላሜራ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ብረት የሚቀልጠው ግን በ1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ሙቀቱ ያረፈበት ቦታ ሊለጠጥ ሲሞክር በዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ብረት ይጨቁነዋል፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሰፊውና ለስላሳው ጣሪያም ይጨማደዳል። ልምድ ያለው የባትላሜራ ባለሙያ ይህን ሊቆጣጠር ይችላል፤ ይሁንና የውስጡን ልባስ አስቀድሞ ማውረድ አለበት፤ ያለዚያ እሳት ሊነሣ ይችላል። በብዙ ዘመናዊ መኪናዎች ደግሞ በጣሪያው ጎንና ጎን፣ ከበሮቹ በላይ፣ የታጠፉ የአየር ከረጢቶች ተቀምጠዋል። በአጠገባቸው እሳት ማንደድ እጅግ አደገኛ ነው።

የትኛው ቀዳዳ?

ጣሪያው ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው መሐሉን የሚሸፍነው ላሜራ ነው። ሁለተኛው በዙሪያው ያለው የተደራረበ ብረትና የፊትና የኋላ መስታወቶችን አቅፈው የያዙት ምሰሶዎች ናቸው። መኪናው ሲገለበጥ ተሳፋሪውን ከመጨፍለቅ የሚያድነው በዋናነት ይህ ሁለተኛው ክፍል ነው። በማጣበቂያ ሊደፈን የሚገባው በመጀመሪያው ክፍል ላይ ያለ፣ ዙሪያው ጤናማ የሆነ ቀዳዳ ብቻ ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። የቀዳዳውን ዙሪያ በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ጫን ጫን ማድረግ በቂ ነው። ብረቱ ከተፈረፈረ ወይም ከሰመጠ፣ ወይም ዝገቱ ወደ መስታወቱ ጠርዝ ወይም ወደ ምሰሶው ከዘለቀ ጉዳዩ የባለሙያ ነው። በብሪታንያ የዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራ ሕግ ጭነት ተሸካሚ ክፍሎች ላይ ያለን ዝገት በሙጫና በስቱኮ መሸፈንን አይቀበልም፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው።

የማይበጁ መፍትሔዎች

ስቱኮ ብቻውን ቀዳዳ አይደፍንም። የተሠራው ለስርጉድ ማስተካከያ ነው፤ እርጥበት ስለሚመጥ ሥሩ ያለው ብረት ሳይታይ ይዝጋል። ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን በሚደርቅበት ጊዜ አሴቲክ አሲድ ስለሚለቅ ራሱ ብረቱን ያዝገዋል፤ ቀለምም አይዝበትም። የአሉሚኒየም ቁራጭ በሪቬት መምታትም የተለመደ ነው። ሆኖም ሁለት የተለያዩ ብረታ ብረቶች ጨዋማ እርጥበት ውስጥ ሲነካኩ እንደ ትንሽ ባትሪ ይሠራሉ፤ አሉሚኒየሙም ይበላል።

የሚበጀው

ጠርዙ ንጹሕ ለሆነ ጠባብ የብሎን ቀዳዳ፣ ጠርዙን ፀረ-ዝገት ቀባ አድርጎ የጎማ ውታፍ ወይም የጎማ ቀለበት ያለው አጭር ብሎን ማስገባት ብቻ ሊበቃ ይችላል። ከዚያ ለሰፋው ኢፖክሲና የፋይበርግላስ ጨርቅ፣ ወይም በኢፖክሲ የሚለጠፍ ስስ የብረት መጣፊያ ይመረጣል።

ማጣበቂያ ይህን ያህል ይታመናል ወይ የሚል ይኖራል። በ1996 የወጣችው ሎተስ ኤሊዝ የተባለች የስፖርት መኪና የአሉሚኒየም ሻሲዋ የተያያዘው በዋናነት በኢፖክሲ ነው። ምሥጢሩ ስፋት ነው። ለ1 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ መጣፊያ ብንለጥፍ 27 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል የሚጣበቅ ገጽ እናገኛለን። ጫናው በዚህ ሁሉ ላይ ይከፋፈላል፤ መጣፊያው የሚቋቋመውም ንፋስንና ዝናብን ብቻ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በቅድሚያ የውስጡ ልባስ ከቦታው ዝቅ ተደርጎ ቀዳዳው ከሥሩ ይታያል። ቀጥሎ ከቀዳዳው ጠርዝ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ዙሪያውን ቀለሙና ዝገቱ በሻካራ የብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፤ የሚያብረቀርቅ ብረት እስኪታይ ድረስ። ሻካራው ገጽ ለሙጫው ብዙ መያዣ ይሰጠዋል። ከዚያ ጠርዙ በትንሽ መዶሻ ወደ ውስጥ ጥቂት ይጎደጉዳል፤ ጨርቁ ሲደራረብ ከጣሪያው ከፍ እንዳይል ነው። በመጨረሻም ገጹ በአልኮል ይጠረጋል። ከዚህ በኋላ በእጅ መንካት አይገባም፤ የጣት ወዝ ሙጫውን ከብረቱ ይለያል።

ኢፖክሲ እንደ ቀለም አይደርቅም፤ ሙጫውና ማጠንከሪያው በኬሚካል ተያይዘው አንድ ጠንካራ መረብ ይሆናሉ። ስለዚህ መጠኑ በማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው መሆን አለበት። ቶሎ እንዲጠነክር በማሰብ ማጠንከሪያ መጨመር የተረፈውን ሳይያያዝ ያስቀረዋል፤ ጥገናውም ይለሰልሳል። በሙጫው የራሱ ሁለት ወይም ሦስት የጨርቅ ንብርብሮች፣ እያንዳንዱ ከበታቹ ካለው ጥቂት እየሰፋ፣ የአየር አረፋ ሳይቀር ይለጠፋሉ። ሲጠነክር ይፋቃል፣ በስሱ ስቱኮ ይስተካከላል፣ ፀረ-ዝገትና ቀለም ይቀባል። ኢፖክሲ የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ስለማይችል ቀለሙ ለውበት ብቻ አይደለም። ከሥር በኩልም የተገለጠው ብረት ፀረ-ዝገት ሊቀባ ይገባል፤ ይህ ከተረሳ ጥገናው ከውስጥ ይበላል።

እንደየአገሩ አየር

በቀዝቃዛ አገር ብዙዎቹ ኢፖክሲዎች ከ10 ዲግሪ በታች የመጠንከር ፍጥነታቸው እጅግ ይቀንሳል። ማለዳ ላይም ብረቱ ከአየሩ ቀዝቅዞ ጤዛ ይይዛል፤ ጤዛ ባለበት መለጠፍ ከንቱ ድካም ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ችግሩ ተቃራኒ ነው። በበጋ ፀሐይ የቆመ ጥቁር ጣሪያ ከ70 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ በተራ ክፍል ሙቀት የጠነከሩ ብዙ ኢፖክሲዎች ግን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሲደርሱ መለስለስ ይጀምራሉ። በዚያ ለሚኖር ሰው ከፍተኛ ሙቀት እንደሚችል በማሸጊያው ላይ የተገለጸውን መምረጥና ሥራውን በጥላ ሥር ማከናወን ይበጃል።

ለጤናም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኢፖክሲ ቆዳን በተደጋጋሚ ሲነካ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ አለርጂ ሊያስከትል ስለሚችል ጓንት ግድ ነው። ፋይበርግላስ ሲፋቅ የሚነሣው ብናኝም ሳንባንና ዓይንን ይጎዳልና ጭንብልና መነጽር ይደረጋል፤ ሥራውም ነፋሻ ቦታ ላይ ይከናወናል።

ሥራው ካለቀና በሚገባ ከጠነከረ በኋላ፣ የውስጡ ልባስ ሳይመለስ ጣሪያው ላይ ውሃ ለደቂቃዎች ይፈስሳል፤ አንድ ሰውም ውስጥ ሆኖ በባትሪ ይመለከታል። ደረቅ ከሆነ ልባሱ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ በዓመት አንድ ጊዜ የቀለሙን ጠርዝ መመልከት ይበቃል። ቀለሙ ካበጠ ዝገቱ ከሥሩ ተመልሷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ በላዩ ከመደረብ ይልቅ ፍቆ እንደገና መጀመር ይሻላል።