የድምፅ ማብራሪያን ከስላይድ ትምህርት ጋር ስለ ማያያዝ

በርቀት የሚማር ተማሪ በኢንተርኔት የሚደርሰው ስላይድ የመምህሩ ድምፅ ካልታከለበት፥ ምስሉን የሚያብራራለት አያገኝም። ይሁን እንጂ የተጻፈውን ቃል በቃል ማንበብ አይበጅም፤ ሪቻርድ ሜየር በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ ምስልና ንግግር ብቻ ሲቀርቡ፥ ያው ንግግር በጽሑፍም ከሚደገምበት ይልቅ ትምህርቱ ይጨበጣል።

ስለዚህም መምህሩ ጽሑፉን አሳጥሮ፥ ንግግሩን ጸጥ ባለ ስፍራ ለእያንዳንዱ ስላይድ ለየብቻ ይቀዳል፤ ስሕተት ቢገኝ የሚታረመው ያው ክፍል ብቻ ይሆናልና። በጉግል ስላይድስ ሲሠራ ድምፁ በጉግል ድራይቭ ተቀምጦ ከስላይዱ ጋር ይያያዛል፤ የድምፁን ፋይል የመክፈት ፈቃድ ለተማሪው ካልተሰጠ ግን ስላይዱ ይታያል እንጂ አይሰማም።

መጠኑም ሊታሰብበት ይገባል፤ በሴኮንድ 64 ኪሎቢት የተቀዳ የ10 ደቂቃ ንግግር 4.8 ሜጋባይት ያህል ነው፤ ይህ ልክ ሲጨምር ለኢንተርኔት ከኪሱ የሚከፍለው ተማሪ ወጪም አብሮ ያድጋል።