አጥሩ የፈረሰበት ፖከር! ከሊሚት ወደ ኖ ሊሚት ከመግባታችሁ በፊት…

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ፍቅር አይደለም፤ ስለ ካርታ ነው። «ደግሞ ብለህ ብለህ ቁማር ልታስተምረን ነው?» የምትሉኝ አትጠፉም። ኧረ በፍጹም! ካርታ ነክቶ የማያውቅ ሰው ይህን ጽሑፍ አንብቦ እንዳይነካ ቢወስን ደስታውን አልችለውም። ግን የከተማችን ልጅ በሞባይሉም በጓደኛው ቤትም ፖከር እንደሚጫወት እያወቅኩ ዝም ብል ደግሞ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ምክንያቱም አንድ ያላወራረድኩት ሒሳብ አለብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ጓደኛችን በተከራያት ስቱዲዮ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ እንሰበሰብ ነበር። ስድስት ልጆች፣ አንድ ፔርሙስ ሻይ፣ ከጎረቤት የተዋስናት ጠረጴዛ። ጨዋታችን «ሆልደም» የሚባለው ፖከር ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ በእጁ ይታደላል፤ አምስት ካርታ ደግሞ ለሁሉም የጋራ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ይገለጣል። በመሐሉ አራት ጊዜ ገንዘብ ይመደባል።

ስንጀምር የምንጫወተው «ሊሚት» ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች መደቡ 10 ብር፣ በኋለኞቹ ሁለት ዙሮች 20 ብር። በአንድ ዙር ከአራት መደብ በላይ መሄድ አይቻልም። ደምሩት! አንድ ሰው ሰይጣን ቢጋልበው እንኳ በአንድ እጅ ጨዋታ ከ240 ብር በላይ ማጣት አይችልም። ክፉ ቀን የገጠመው ልጅ አምስት ስድስት መቶ ብር ተበልቶ ይወጣል። ያማል እንጂ አይገድልም።

ከመሐላችን ጎበዙ መርካቶ ጫማ የሚሸጥ አንድ ልጅ ነበር። ትዕግሥቱ አይጣል ነው! አራት የልብ ካርታ ካገኘ አምስተኛዋን ሳይጠብቅ አይነሳም። ብዙ ጊዜ አትመጣም፤ ስትመጣ ግን ድስቱን ጠርጎ ይወስዳል።

አንድ ቀን ታዲያ ከጀማው አንዱ «አቦ ይሄ የሕፃን ጨዋታ ሰለቸን፤ ኖ ሊሚት እናርገው!» አለ። ማንም ፋራ መባል አልፈለገም። ሁላችንም ሁለት ሁለት ሺህ ብር አወጣን። ያ ልጅ በዚያው ቀን እቁብ ደርሶት 18 ሺህ ብር በጃኬቱ ውስጥ ነበረች። ሰኞ ዕቃ ሊያወርድባት።

ሌሊቱ ሳይጋመስ ያቺ የተለመደችው ነገር መጣች። አራት ልብ ያዘ፤ የቀረችው አንዲት ካርታ ብቻ። መሐል የተከማቸው 3 ሺህ ብር ነው። ከፊቱ የቀረው 1 ሺህ ብር። ተጋጣሚው 3 ሺህ ብር ገፋበት። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እኔ ጎረምሳው ምን አልኩት መሰላችሁ? «በለው እንጂ! ስንቴ በልብ በልተኸን የለ!»

እጁን ወደ ጃኬቱ ሰደደ። ካርታዋ አልመጣችም። ከዚያ በኋላ ያጣውን ለማስመለስ ሲል ሊነጋጋ ሲል 11 ሺህ ብር ከእቁቡ ላይ ጎደለ።

<b>ስህተቱ የት ላይ ነው?</b>

«ዕድሉ ነው» እንዳትሉኝ። ሒሳብ ነው። ልጁ ስድስት ካርታ አይቷል፤ ያላያቸው 46 ናቸው፤ ከነሱ ውስጥ ልብ 9 ብቻ። ከአምስት ጊዜ አንዴ ገደማ ትመጣለች ማለት ነው።

በሊሚት ጊዜ መሐል 120 ብር ቢኖርና ተጋጣሚ 20 ብር ቢመድብ፣ 140 ብር ለመብላት የሚከፈለው 20 ብር ነው። ከስምንት ጊዜ አንዴ ብትሳካ ሒሳቡ ይመጣል። ከአምስት አንዴ የምትመጣ ካርታን መጠበቅ እዚያ ላይ ብልህነት ነው። በዚያች ሌሊት ግን 6 ሺህ ብር ለመብላት 3 ሺህ ብር ነው የከፈለው። ከሦስት ጊዜ አንዴ መምጣት ነበረባት። ይኸው ነው! ልጁ ጨዋታ አላበላሸም፤ በአንዱ ቤት ያደነቅነለትን ጠባይ ይዞ ሌላ ቤት ገባ እንጂ።

ሌላም አለ። እኛ ያላወቅነው አንድ የቆየ ደንብ አለ፤ በኖ ሊሚትም ቢሆን ሰው የሚጫወተው ጨዋታው ሲጀመር ከፊቱ ባለው ገንዘብ ብቻ ነው። በመሐል ኪስ መግባት ክልክል ነው። ደንቡን ብናከብር ኖሮ ልጁ 1 ሺህ ብሩን ከፍሎ 4 ሺህ ይጠብቅ ነበር፤ ይህም ከአምስት አንዴ ነው፣ ከዕድሉ ጋር እኩል ለእኩል። ቢበላም 1 ሺህ ብር አጥቶ ሻዩን ይጠጣ ነበር።

<b>ታዲያ የትኛው ይሻላል?</b>

ከሊሚት የሚወጣ ሰው ከፊቱ ሦስት በር አለ። አንደኛው «ካሽ ጌም» ነው፤ ገንዘብ በገንዘብ፣ ያለቀበት እንደገና የሚያወጣበት። ለጀማሪ የሚከፋው ይሄ ነው፤ ኪስ እስካለ ድረስ ማብቂያ የለውማ! ሁለተኛው «ፖት ሊሚት» ነው፤ ከፍተኛው መደብ መሐል በተከማቸው ገንዘብ ይወሰናል። እንደ ድልድይ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አትሸወዱ፣ በየዙሩ ስለሚያብጥ መጨረሻ ላይ ያው ነው።

ሦስተኛው ውድድር ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ይሄ ይሻላል። ስድስት ሰው 200 ብር ይከፍላል፤ 1,200 ብር ይሆናል፤ አንደኛ 800፣ ሁለተኛ 400 ይወስዳል። ለሁሉም እኩል ቺፕስ ይታደላል፤ ቺፕሱ ያለቀበት ተነስቶ ተመልካች ይሆናል። እንደ ሎተሪ ነው፤ ቆርጣችሁ ከገባችሁ በኋላ ከቲኬቱ ዋጋ በላይ አትከስሩም። ያለህን ሁሉ ግፋ የሚለውን የኖ ሊሚት ድፍረትም ትማሩበታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሠራተኛ ላስ ቬጋስ ላይ 839 ሰው የተወዳደረበትን የኖ ሊሚት ውድድር አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወስዷል። መግቢያው 10 ሺህ ዶላር ነበር፤ እሱ ግን በጥቂት አሥር ዶላሮች በኢንተርኔት ማጣሪያ አልፎ ነው የገባው። ሁሉም ይህን ያወራል። እኔ የማስባቸው ግን የተሸነፉትን 838 ሰዎች ነው። ሲገቡ የሚያጡትን ያውቁ ነበር።

ብቻ አንድ ወጥመድ አለ፤ «የወደቀ እንደገና ከፍሎ ይግባ» የሚባል ውድድር። እሱ የካሽ ጌም ወንድም ነው፣ እለፉት! የእቁብ፣ የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ገንዘብ ይዛችሁም አትቀመጡ። ያለ ፈቃድ ቁማር ቤት ከፍቶ ማጫወት በሕግ እንደሚያስቀጣም አትርሱ፤ የልደታ ፍርድ ቤት ከሰፈራችን ሩቅ አይደለም። ደግሞም ማቆም አቅቷችሁ ከሆነ የትኛውም ዓይነት አያድናችሁም፤ ለምታምኑት ሰው ተናገሩና ካርታውን ተዉት።

ያ ልጅስ? እቁቡን ቀድሞ ስለበላ ከዚያ በኋላ ወራት ሙሉ የሌለ ገንዘብ ዕዳ በየሳምንቱ ሲጥል ከረመ። ካርታ ድጋሚ አልነካም፤ እኛ ዘንድም አልመጣም። ባለፈው ዓመት ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ አገኘሁትና ይቅርታ ጠየቅኩት። ሳቀና «እኔ እኮ ካርታዋ እንደማትመጣ ጠርጥሬ ነበር፤ ወዳንተ የዞርኩት ‹ተወው› ትለኛለህ ብዬ ነው» አለኝ።

ጓደኛችሁ ዞሮ ሲያያችሁ ምን እንደምትሉት አስቡበት። የሳምንት ሰው ይበለን!